ከሆቴሉ ደረጃ ሥር የሰጠመችው ታንኳ

የካሪክ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ማላኪ ኮመርፎርድ
ዕድሜ፦ 81
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
ሥራ፦ ዓሣ አጥማጅ (“ጡረተኛ” የሚለው በምስክሩ ጥያቄ ተሰርዟል)
አድራሻ፦ ካሪክ ቤግ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ወንዝ ዳር
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሜይ 21 ቀን 2024
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሮናን ትሬሲ
ጉዳዩ፦ ከሆቴል አዳራሽ ስለጠፋች አንዲት የእንጨት ታንኳ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው፣ ማንም ሳይጠራኝ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል በፈቃዴ ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ዲምፕና ፌላን ከድልድዩ በታች ካለው አዲሱ ሆቴል (ከዚህ በኋላ ሆቴሉ የሚባለው) ታንኳ ሰርቃ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጣለች ተብላ ከሥራ መታገዷን ስለሰማሁ ነው። የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ሥጋ ቤት ውስጥ ነው። ያዘዝኩትን ሥጋ ባንኮኒው ላይ ትቼ መጥቻለሁ። ታንኳዋን ከአዳራሹ ያወጣኋት እኔ ነኝ። አልተሸጠችም። ያለችበትንም አውቃለሁ። ሳጅን ትሬሲ እንግዲያው የት እንዳለች በቅድሚያ እንድናገር ጠይቆኝ፣ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ እንደማልናገር ገልጬለታለሁ። ሳጅኑ የዳቦ መኪና ይነዳ የነበረው የዲኒ ትሬሲ ልጅ ነው። አባቱም ችኩል ነበር።

ባለቤቴ ጆሲ ኮመርፎርድ በዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ 2 ቀን አርፋለች። ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ኮርክ የምትኖረው ልጃችን ኤትና የእናቷን የእጅ ቦርሳ ስታይ ከሆቴሉ የተላከ ወረቀት አገኘች። ደብዳቤ የምታነብልኝ ጆሲ ነበረች፤ ይህን ግን አላነበበችልኝም። ኤትና ስታነበው፣ ጆሲ ገና ሳትታመም ለሃምሳኛ የጋብቻ ዓመታችን፣ ለሜይ 18፣ የሁለት ሰው ክፍል ለሁለት ሌሊት ይዛ ሒሳቡንም ጨርሳ ኖሯል። ኤትና ደውዬ ላሰርዘው አለችኝ። አልፈቀድኩም። እኔ በዚያ ሆቴል በር አልገባም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ፤ የተሠራው መረባችንን እናሰጣበት በነበረው ሜዳ ላይ ነውና። ቢሆንም ጆሲ የያዘችውን ነገር ሌላ ሰው አይሰርዘውም።

አርብ ሜይ 17 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ቦርሳ ይዤ ሆቴሉ ገባሁ። ሕንጻው ሲሚንቶና መስታወት ነው። መብራቶቹ ከጣሪያው የሚንጠለጠሉት ከድሮ የዓሣ ወጥመድ በተሠራ ነገር ውስጥ ነው፤ ወጥመዶቹም የተገለበጡ ናቸው። እንግዳ የምትመዘግበው ልጅ ወይዘሮ ኮመርፎርድ ቆየት ብለው ይመጡ እንደሆን በትሕትና ጠየቀችኝ። አትመጣም አልኳት። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ የማያውቁትን ሰው ማሳዘን አልወድም። ቅጽ ሰጠችኝ፤ ስሜን ጻፍኩበት፣ ሌላውን ራሷ ሞላችው።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መታጠቢያ ገንዳው ከአልጋው አጠገብ ቆሟል፤ በመካከላቸው ግድግዳ የለም። አልጋው ላይ ዘጠኝ ትራሶች ነበሩ። ሁለት ኩባያ፣ ሁለት ነጭ የመታጠቢያ ካባ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ ተቀምጦልናል። መጋረጃው የሚከፈተው በእጅ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ያለ ቁልፍ ሲነካ ነው። ስነካው ተከፈተና ወንዙ ማዶ የራሴን ቤት አየሁት። በዚያ ቤት ስኖር ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ወገን ከፍ ብዬ አይቼው ግን አላውቅም። አሸንዳው ወደ ግራ ተንጋዷል። ጆሲ አሸንዳው ተንጋዷል እያለች አሥራ አንድ ዓመት ስትነግረኝ፣ ዓይንሽ ነው እንጂ አሸንዳው ደህና ነው እላት ነበር። የተንጋደደው አሸንዳው ነው። ሳጅኑ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቆኛል። ሰኞ ዕለት ለምን ስልክ እንዳላነሳሁ ስለሚያስረዳ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሻይ ለመጠጣት ወደ አዳራሹ ወረድኩ። በወንዙ በኩል ባለው ትልቁ መስታወት ሥር አንዲት ጠፍጣፋ ታንኳ በሁለት የብረት እግር ላይ ቆማለች። ውስጧ የአበባ ማሰሮ ሞልተውበታል። አጠገቧ የቆመውን ሰሌዳ ሻይ ያመጣችልኝ ዲምፕና አነበበችልኝ፤ በ1800ዎቹ መነኮሳት ይጠቀሙባት የነበረች ታንኳ ይላል። ታንኳዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። በ1976፣ በጆሲ አባት ጎተራ ውስጥ ነው የሠራኋት። ለመለየት ሰሌዳ አላስፈለገኝም፤ ከፊተኛው ሳንቃ ሥር እጄን ስከት የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን አገኘሁ። ሳንቃው ላይ ጉጥ ወልቆ ስለነበር ጆሲ የሠርጋችንን የብስኩት ቆርቆሮ ቆርጣ በአሥራ ሁለት ሚስማር ለጥፋዋለች። ሚስማሮቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው።

በእኛ ወንዝ መረብ የሚጎተተው በሁለት ታንኳ መካከል ነው። በእያንዳንዱ ታንኳ አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ገመዱን ይይዛል፤ ከውሃው ጋር አብረን እንወርዳለን። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ሲሄድ ቀዛፊ አጣሁና ጆሲ መቅዘፊያውን ያዘች። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከአንድ በጋ በኋላ የሚስቅ አልነበረም። ሃያ ስምንት በጋ ቀዝፋለች። የማጥመድ ፈቃዳችን ሳይታደስ የቀረ ጊዜ ተናድጄ፣ ተጎታች ይዞ ለመጣ አንድ የማላውቀው ሰው ታንኳዋን ውሰዳት ከዓይኔ ሥር አልኩት። ጆሲን አልጠየቅኳትም። ከገበያ ስትመለስ ታንኳዋ የለችም። ለምን አላለችኝም፤ የታሰረችበትን ገመድ ጠቅልላ ጓዳ ሰቀለችው። እኔም ስለዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ዲምፕና ፌላን ዕድሜዋ 58 ነው፤ በአዳራሹ ሻይ የምታቀርበውና የጎን በሩን ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት። ከዚያ ቀን በፊት የማውቃት በዓይን ብቻ ነበር። ሻይዬን አስቀምጣ አልሄደችም። ጆሲ ሆቴሉ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች፣ እዚያው ታንኳዋ አጠገብ አንድ ሻይ እየጠጣች ትቀመጥ እንደነበር ነገረችኝ። ለእኔ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያን አበባ ለመቀየር ነው የምሄደው ትለኝ ነበር። ዲምፕናን፣ ክፍሉን የያዘችው ይህችን ታንኳ እንዳይ ብላ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዲምፕና የመለሰችውን ቃል በቃል እንዲጻፍ አድርጌያለሁ፦

“‘ሲያያት ይቆጣል፣ ከዚያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይጠግናታል፤ ቁጣው ላይ አትፍሪው’ ብላኛለች።”

አላለቀስኩም። ይህም ይጻፍልኝ።

ተቆጥቻለሁ ግን። የአዳራሹ ወለል ከሥሩ የሚያሞቅ ነገር አለው፣ ፀሐዩም በመስታወቱ ይገባል። ሳንቃዎቹ ደርቀው ተለያይተዋል፤ በመጋጠሚያቸው ጣቴን አሳልፌያለሁ። በአበባዎቹ በኩል ደግሞ ማሰሮ እያፈሰሰ እንጨቱ ርሷል። ግማሹ እየደረቀ ግማሹ እየበሰበሰ የሚቆም ታንኳ ሁለት ዓመት አይቆይም። የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ኢመን ስቶክስን አስጠርቼ ይህን ነገርኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦልኝ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ሰሌዳው ስሕተት መሆኑን ስነግረው ግን፣ ሚስተር ኮመርፎርድ እንግዶቻችን የመነኮሳቱን ታሪክ ይወዱታል አለኝ። እኔ መነኩሴ እንዳልሆንኩ፣ የ1800ዎቹም ሰው እንዳልሆንኩ፣ ይህንን ሚስቴ ልትመሰክርልኝ ትችል እንደነበር ነገርኩት። እንዳያስቀይመኝ ተጠንቅቆ፣ “ለጌጥ እኮ ናት፤ መንሳፈፍ አይጠበቅባትም” አለኝ። እኔም መንሳፈፍ የማይጠበቅበት ታንኳ የሬሳ ሣጥን እንጂ ሌላ ምንድን ነው ብዬ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ያን ሌሊት የተኛሁት ሁልጊዜ በምተኛበት በግራ በኩል ነው። ትራሶቹን ወደ ሌላው ወገን ደረደርኳቸው።

የደረቀ ታንኳ የሚድነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ድንጋይ ሞልተው ወንዝ ውስጥ ያሰጥሙታል። እንጨቱ ሦስት ቀን ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ሳንቃው ሳንቃውን ይይዘዋል። በካሪክ ቤግ ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ታንኳዎቻችን በሙሉ ከውሃ ሥር ነበሩ። ለማያውቅ ሰው ግን ታንኳ ላይ ድንጋይ መጫን ማጥፋት ይመስለዋል። ሚስተር ስቶክስን ፈቃድ ብጠይቀው እንደማይሰጠኝ አውቄ አልጠየቅኩትም። ይህን ጥፋቴን አልክድም።

ቅዳሜ ሜይ 18 ቀን፣ የጋብቻችን ዕለት፣ በሆቴሉ ሠርግ ነበር። የሙሽሮቹን ስም አላውቅም፤ ከክሎንሜል የመጡ ናቸው መሰለኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሚስተር ስቶክስ ከምግብ ቤቱ ሰዎች ጋር ላይኛው ፎቅ ነበር። ወንዛችን ከባሕሩ ጋር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ በዚያ ሰዓት እየጎደለ ስለነበር ዲምፕናን የጎን በሩን እንድትከፍትልኝ ጠየቅኳት። ምን ላደርግ እንዳሰብኩ አልደበቅኳትም። ቁልፉን በእጇ ይዛ ጆሲ ብትኖር ምን ትል እንደነበር ጠየቀችኝ። ጆሲ ብትኖር በሩን ትከፍት ነበር አልኳት። ከፈተችው።

አበባዎቹን አንድ በአንድ አውጥተን ታንኳዋን ብቻችንን ለማንሳት ስንታገል፣ ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ስድስት የሠርጉ ወጣቶች ከበረንዳው መጡ። ሚዜው፣ “አባባ፣ ለፎቶ ናት?” ብሎ ጠየቀኝ። “ለውሃ ናት” አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት። ሁሉም ሳቁና ተሸከሟት። አንደኛው፣ ሙሽራውም እንዲህ ተሸክመን ካልወሰድነው ከመጠጥ ቤቱ አይወጣም ሲል ነበር። ወንዙ ዳር ሲያደርሷት ፎቶ አንሺው ሮጦ መጣ፣ ሙሽራይቱንም ጫማዋን አስወልቆ አጠገቧ አቆማት። ሳጅኑ ምስክር ከፈለገ ፎቶው እዚያ ነው፤ ከሙሽራይቱ በስተግራ ያለሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ለምሳ ተጠሩና ሄዱ።

ታንኳዋ ያለችው ከሆቴሉ የወንዝ ደረጃ ሥር፣ ወንዙ ሲጎድልም በማይገለጠው በመጨረሻው እርከን ላይ ነው። ከአዳራሹ በር እስከዚያ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ይህን ስናገር ሳጅን ትሬሲ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ከእሁድ ጀምሮ ሁለት የፖሊስ አባላት እስከ ዋተርፎርድ ድረስ የአሮጌ ዕቃ መደብር ሲያስሱ እንደነበር ነግሮኛል። ማንም አልጠየቀኝም ብያለሁ።

ለማስጠሚያ የተጠቀምኩባቸው ነጫጭ ድንጋዮችም የሆቴሉ ናቸው፤ ከአትክልት ቦታው ነው ያነሳኋቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው፣ ሁሉም ይመለሳሉ። ዲምፕና የዕረፍት ሰዓቷን ወስዳ በሻይ ጋሪ አመላለሰችልኝ። ውሃ ውስጥ ያስገባኋት ግን እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ። ውሃው በሳንቃዎቹ መካከል እንደ ወንፊት ይገባ ጀመር። በሩብ ሰዓት ውስጥ ጠርዟ ከውሃው ገጽ እኩል ደረሰ። ዲምፕና ደረጃው ላይ ቆማ ነበርና ጠፋች እኮ አለችኝ። እየጠጣች ነው፣ ጥማቷን ትቁረጥ አልኳት። ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው፦ ታንኳዋ ልትጠልቅ ስትል የጆሲ መቀመጫ የነበረው የኋላው ሳንቃ መጨረሻ ላይ ቀረ፤ ሃያ ስምንት በጋ የተቀመጠችበት ቦታ መሐሉ ጎድጉዷል። እዚያ ጉድጓድ ላይ ጥቂት ውሃ ቆይቶ ሁሉም አብሮ ሰመጠ። ሳልጠይቅሽ መስጠት አልነበረብኝም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ዲምፕና ሰምታለች። ከላይ አላለቀስኩም ያልኩት እስከ አርብ ያለውን ብቻ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ዲምፕናን እስከ ማክሰኞ ለማንም እንዳትናገር አደራ ያልኳት እኔ ነኝ። ሚስተር ስቶክስ ካወቀ ወዲያው ያስወጣታል፣ ግማሽ የጠጣ እንጨት ፀሐይ ላይ ከወጣ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። እሷም እሺ አለችኝ። በእሷ ላይ ምን ሊመጣ እንደሚችል አላሰብኩም። ሃምሳ ዓመት አብራኝ የኖረችው ሴት ብትሆን፣ ማላኪ ሌላው ሰውስ ምን ይሆናል ብላ ቀድማ ትጠይቀኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የምታስብልኝ እሷ ስለነበረች ማሰቡን አልተማርኩትም። ይህን ያልኩት ሰበብ ለመፍጠር አይደለም።

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ቁርስ በላሁ፤ እንቁላሉ ዘር ተነስንሶበታል። 5 ሰዓት ላይ የቁልፉን ካርድ መልሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚያ ሰዓት ሚስተር ስቶክስ ዲምፕናን ቢሮ አስገብቶ እየጠየቃት እንደነበር አሁን ነው ያወቅኩት። አልሸጥኳትም፣ አልሰረቅኳትም፣ ማክሰኞ ይታወቃል ብላ ብቻ መልሳለች። ይህ መልስ እንዴት እንደተሰማ ይገባኛል። ሰኞ ከሥራ ታገደች፣ እዚህም ተጠርታ ቃሏን ስትጠየቅ ስሜን አልጠራችም። እኔ ሰኞ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ሆኜ አሸንዳውን ሳቃና ነበር። ኤትና አራት ጊዜ ደውላለች፣ አላነሳሁም።

ሳጅን ትሬሲ ወዲያውኑ ወደ ቦታው እንድንሄድ ጠየቀኝ። አሁን ወንዙ ሞልቶ ስላለ ምንም እንደማይታይ፣ ታንኳዋ ልትነሳ የምትችለው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲጎድል መሆኑን አስረዳሁት። አላመነኝም፤ ሄዶ ውሃ አይቶ ተመለሰ። ስለዚህ ቃሌ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተቋርጧል። እስከዚያው ቤቴ እንድሄድ ቢፈቀድልኝም ዲምፕና ሳትጠራ ከጣቢያው አልወጣም ብዬ ተቀምጫለሁ። ሳጅኑ ግማሽ ዳቦውን ሰጥቶኛል፤ ሰናፍጩ በዝቶበት ነበር።

ቃሉ በዚያው ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቀጥሏል።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሳጅን ትሬሲ፣ ሚስተር ስቶክስ፣ ዲምፕና ፌላንና እኔ በሆቴሉ የወንዝ ደረጃ ላይ ተገኝተናል። ዲምፕና የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ነበር የመጣችው፤ ፍርድ ቤት የተጠራች መስሏታል። አጠገቤ ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሦስቱ ቀን መሙላቱን ነው። ሞልቷል አልኳት።

ሳጅኑ ጫማውን አውልቆ አብሮኝ ገባ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየተቀባበልን አወጣን፤ ሚስተር ስቶክስ ደረጃው ላይ ሆኖ ሲቆጥር ከቆየ በኋላ ሠላሳ ላይ ሲደርስ ራሱ ገብቶ የመጨረሻውን አነሳው። ጠርዟን ከውሃው በላይ ካደረግናት በኋላ ዲምፕና ባመጣችው ባልዲ ውሃውን ቀዳን። ታንኳዋ ባዶ ስትሆን ቆመን ጠበቅን። ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። አንድም መጋጠሚያ አላፈሰሰም።

ሚስተር ስቶክስ ጎንበስ ብሎ እጁን በሳንቃዎቹ ላይ አሳለፈ፣ ክዳኑንም አየው። ከዚያ አሥራ አራት ወር አዳራሹ ውስጥ ስትቆም እንጨት መሆኗን ብቻ ነበር የማውቀው አለኝ። ሰሌዳው ላይ ማን ሠራት ብሎ እንዲያስጽፍ ጠየቀኝ። ስለ ሰሌዳው በኋላ እንነጋገራለን፣ መጀመሪያ ለዲምፕና ተናገር አልኩት። ፊቱ ቀላ። በእንግዶች ፊት የማይናገረውን ነገር በፖሊስ ፊት መናገር ከብዶት ነበር፤ ሆኖም ወደ እሷ ዞሮ፣ አይቼሽ ሳይሆን ገምቼ ነው የከሰስኩሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሐሙስ ሥራሽ ላይ ግቢ አላት። ዲምፕና ረቡዕም ተራዬ ነው አለችው። ረቡዕም አላት።

እኔም ይቅርታ ጠየቅኳት። ያልኩት፣ “ዲምፕና፣ የእኔን አደራ ስትይዢ የራስሽን ስም ጣልሽ፤ አጥፍቻለሁ” ነው። እሷ መልሳ፣ “ማላኪ፣ እርስዎ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ ዝም ካልኩ ጆሲ ትቆጣኛለች፤ ይበቃል” አለችኝ። ከዚያ ታንኳዋ ውስጥ ገብታ በጆሲ ቦታ እንድትቀመጥ አደረግኳት፣ ሳጅኑም ታንኳዋን ገፋ አደረገልን። መቅዘፊያ ስላልነበረ ሩቅ አልሄድንም፤ እስከ በረንዳው መጨረሻ ሄደን በእጃችን እየቀዘፍን ተመለስን። ዲምፕና በሕይወቷ ወንዙ ላይ ወጥታ እንደማታውቅ የነገረችኝ ከተመለስን በኋላ ነው።

ታንኳዋ የሆቴሉ ንብረት መሆኗን አምናለሁ። ሚስተር ስቶክስ ደብሊን ያሉትን ባለቤቶች እስኪያነጋግር ድረስ ደረጃው ላይ ታስራ ውሃ ውስጥ እንድትቆይ ተስማምተናል። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ወደ ሞቀው ወለል እንድትመለስ ከወሰኑ አሁንም በቃል እንጂ በእጅ እንደማልከለክላቸው ቃል ገብቻለሁ። ጆሲም እስከዚህ ድረስ ነበር የምትፈቅድልኝ ብዬ አስባለሁ።

ወደ ጣቢያው ስንመለስ ሳጅን ትሬሲ፣ ሚስተር ስቶክስ አቤቱታውን ስለተወ ክስ እንደማይኖር፣ ቃሌንም ፈርሜ መሄድ እንደምችል ገለጸልኝ። መዝገቡን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጠርጣሪ ከሚለው ፊት ለፊት ምን እንደተጻፈ አንብብልኝ አልኩት፤ ዲምፕና ፌላን የሚል ነው አለኝ። ያ ስም እዚያ እስካለ ድረስ እንደማልፈርም አስታወቅኩ። ሳጅኑ መዝገቡ ስለሚዘጋ ተጠርጣሪ የሚባል ሰው እንደማይኖር፣ ማንም እንደማያነበው፣ የተጻፈ ነገርም እንደማይፋቅ አስረዳኝ። እኔም ከተማው በሙሉ ሥጋ ቤት ቆሞ ያወራበትን ስም ፖሊስ ጣቢያው ማንም አያነበውም ሊል እንደማይችል፣ መፋቅ ካልተፈቀደ በላዩ ላይ መስመር እንዲሰመርበት ነገርኩት። የተጠርጣሪው ቦታ ባዶ ሊሆን አይችልም አለኝ። ባዶ አይሆንም አልኩት።

መስመሩን ሳጅኑ ራሱ አሰመረ። ብዕሩን ተቀበልኩት። ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ስለሆነ ሳጅኑ እኔ ልጻፍልዎት ብሎኝ ነበር፤ አይሆንም ብያለሁ። ቦታው ጠባብ ስለነበር የአባቴ ስም ወደ ታችኛው መስመር ወርዷል።

ከዚህ በላይ የተመዘገበው ሁሉ ሳጅኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አንብቦልኝ፣ ስለ አሸንዳው ያለውም ጭምር እኔ የተናገርኩትና እውነት መሆኑን፣ ያስገደደኝም ሆነ ያባበለኝ ሰው አለመኖሩን፣ ዲምፕና ፌላን በሩን ከፈተች እንጂ አንድም ነገር እንዳልሰረቀች አረጋግጬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፈርሜያለሁ።

ቃሉን የሰጠው፣ ተጠርጣሪ፦ ማላኪ
ኮመርፎርድ (ፊርማ)

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሮናን ትሬሲ (ፊርማ)